ማስተካከያ፦ ታይታንን የሰበራት የውሃ ግፊት ነው

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር በወጣው ጽሑፋችን፣ ሰኔ 2015 ዓ.ም. በታይታን ሰርጓጅ መርከብ የሞቱት 5 ሰዎች “ኦክስጅን አልቆባቸው ነው” ተብሎ ነበር። ትክክል አይደለም። ሰርጓጇ በውሃ ግፊት በቅጽበት ተጨፍልቃ ነው ያለቁት።

ታይታን ሰው ይዛ ትወርድ የነበረው የሰመጠችውን መርከብ ታይታኒክን ለማሳየት ነው፤ ታይታኒክ ያረፈችው 3,800 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው። እዚያ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት ወደ 380 እጥፍ ይደርሳል። የታይታን ዋና አካል ደግሞ ከካርቦን ፋይበር ንብርብር የተሠራ ነበር። ይህ ነገር ሲጎትቱት ጠንካራ ነው፤ ደጋግሞ ሲጨመቅ ግን ንብርብሩ ሊላቀቅ ይችላል። በጣም የሚያናድደው፣ ባለሙያዎች ከዓመታት በፊት አስጠንቅቀው ነበር። መርምሮ ማረጋገጫ የሰጣት ገለልተኛ ተቋም አልነበረም፤ ሰው ግን ከፍሎ ይሳፈርባት ነበር።

“የጣና ጀልባስ?” ላላችሁን፦ ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ጀልባውም ላይ ላዩን ነው የሚሄደው። ወደ ዘጌ ስትሻገሩ የሚያሰጋው ማዕበልና ከልክ በላይ መጫን ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ልበሱ።