«አትንካት፣ ያንተ መኪና ናት!»

ቤንዚን በሃይላንድ ተሞልቶ እንደ ጠበል በሚሸጥበት ዘመን፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነዳጅ የማትጠይቅ መኪና ተሠራች ቢባል ማን ይጠላል? ቁመቷ ስንዝር አይሞላም። ክብደቷ ቢበዛ 142 ግራም ነው። ሞተር የላት፣ መሪ የላት፣ ፍሬን የላት። ከተዘቀዘቀ ሳንቃ አናት ላይ ትለቀቃለች፣ የመሬት ስበት ይጎትታታል፣ ሦስት ሰከንድ ያህል ትሮጣለች፣ አለቀ። ለዚህች ሦስት ሰከንድ ሲባል ነው በሰፈራችን ሁለት የተከበሩ አባወራዎች ሰላምታ የተነፋፈጉት፤ አንዲት ባልቴትም ከአንገታቸው ጌጥ የተለዩት።

ነገሩን ያመጣው ሰፈራችን ያለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ለየተማሪው አንድ የዋንዛ ቁራጭ፣ አራት የፕላስቲክ ጎማና አራት ሚስማር አደለና «ልጆች ራሳቸው ይሥሩ፤ ወላጅ ከማገዝ በስተቀር እጁን እንዳያስገባ» የሚል ደብዳቤ ላከ። ጸሐፊው የጎጃም ሰው አይመስለኝም። የቅኔ መማሪያዎቹ ዋሸራና ዲማ ባሉበት አገር «ከማገዝ በስተቀር» ተብሎ ይጻፋል? የሰፈሬ አባቶች ደብዳቤውን አንዴ አነበቡት፤ ሰሙን ለልጆቻቸው ትተው ወርቁን ይዘው ወደ አናጢ ቤት ገሰገሱ።

ለነገሩ ጥንቱንም ነገሩን የጠነሰሰው አባት ነው። ጨዋታው የተጀመረው በ1945 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1953፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማንሃታን ቢች በምትባል ከተማ ነው። ዶን መርፊ የሚባል ሰው የአሥር ዓመት ልጅ ነበረው። ልጆች ራሳቸው እየተቀመጡ ቁልቁል በሚነዷቸው ትልልቅ መኪኖች ውድድር ልጁ እንዳይገባ ዕድሜው አልፈቀደለትም። አባት ፓይን ከሚባለው ለስላሳ እንጨት የምትቀረጽ ትንሽ መኪና አሰበለትና በስካውት ማኅበር ያሉ ልጆችን ሰብስቦ አወዳደረ። ዓላማው አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው እጃቸውን እንዲያፍታቱ ነበር። ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ግን አባት ወንበር ላይ፣ ልጅ ደጅ ሆነ።

ስበት መቼም ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ከደጀን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሁሉ ከሺህ ሜትር በላይ የሆነ ቁልቁለት በነፃ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ያውቃል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ፎሌ የሚያደርግ ሾፌር አለ፤ ከኋላ ደግሞ «ኧረ በጊዮርጊስ!» የሚሉ እናቶች አሉ። ስለዚህ በሰፈራችን ከሁሉ ቀድሞ ሊቅ የሆነው ጎረቤቴ የአይሱዙ ሾፌሩ ነው።

«ጭነት የያዘ መኪና ቁልቁለት ላይ ማን ያቆመዋል?» አለና ትምህርት ቤቱ የሰጠውን ዋንዛ ወርውሮ በምትኩ ወይራ አስጠረበ። የፊዚክስ መምህሩ አጥር ተደግፎ ይመለከት ነበር።

«ወንድሜ፣ ጋሊሊዮ እኮ ስበት ከባዱንም ቀላሉንም እኩል ነው የሚያፈጥነው ብሏል።»

«ጋሊሊዮ ዓባይን ወርዶ ያውቃል?»

ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ነበራቸው፤ የረጅም ክርክር ሁሉ ምሥጢሩም ይኸው ነው። ስበት ለሁሉም እኩል ይሰጣል፤ አየሩና ጎማ ለማሽከርከር የሚባክነው ጉልበት ግን ቀላሏን መኪና አብልጠው ይይዟታል። ስለዚህ እስከተፈቀደው ገደብ ድረስ መክበድ ይጠቅማል። ጥያቄው ክብደቱ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ወይራው ገና ጎማ ሳይገባለት ከ142 ግራም አለፈ። ብልሃቱ እንጨቱን ማቅለልና ክብደቱን ከኋላ ጎማዎች አጠገብ፣ ጎማዎቹ ከሚዞሩበት አክስል ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ፊት ፈቀቅ አድርጎ መሰብሰብ ነው። ሳንቃው ሲጀምር ቁልቁል፣ ኋላ ደልዳላ ነው፤ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጋ ስትቆም ጭራዋ ከፍ ይላል። ከፍ ያለው ክብደት ደግሞ የሚወርደው ከፍታ ይበልጣልና የሚያተርፈው ፍጥነትም ይበልጣል። ክብደቱን ከልክ በላይ ወደ ኋላ የወሰደው ሰው መኪናው አፍንጫዋ እየተነሣ ስትንገዳገድ ያያል።

ይህ ሲሰማ ሰፈሩ ከባድ ነገር ፍለጋ ወጣ። አንዱ ከባሕር ዳር የዓሣ መረብ ማስጠሚያ እርሳስ አስመጣና እዚያው እንጀራ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ይሞርደው ጀመር። እርሳስ መርዝ መሆኑን ነግሬዋለሁ፤ «ልጁ አይነካውም» አለኝ፤ በዚህስ እውነቱን ነው፣ ልጁ ምንም አይነካም። ከእርሳስ የሚከብድ ተንግስተን የሚባል ብረት እንዳለ የሰማ ደግሞ አሜሪካ ላለች እህቱ ደወለላት። እሷ ግን የደወለው ለበዓል ብር ላኪ ሊላት ነው ብላ ስልኩን አላነሣችም።

የበለጠው ግን ሒሳብ ሠራተኛው ጎረቤቴ ነው። አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ይመዝናል። ስፋቱ ከመኪናዋ ወገብ አያልፍም፤ ጠፍጣፋ ነው፤ ከሆዷ ሥር ተፈልፍሎ ቢቀበር አይታይም። ይህን በካልኩሌተር ካረጋገጠ በኋላ ሁለት ጠገራ በማተባቸው ወደሚያንጠለጥሉት ወደ አማቱ ሄደ።

«እማማ፣ ለሦስት ሰከንድ ብቻ ነው።»

«ምነው ልጄ! ጣልያን ገብቶ ሲወጣ ያልወሰደውን አንተ እንጨት ውስጥ ልትቀብረው?»

«ለልጅ ልጅዎ ነው።»

ባልቴቷ ወደ ደጅ ተመለከቱ። የልጅ ልጃቸው በር ላይ ቆሞ ግድግዳ ይፍቃል። ፈቱለትና ሰጡት፤ ከብሩ ጋር አብረው እንደሚሄዱ ግን አስምለውታል።

አሁን ወደ ሚስማሩ። ሰው መኪና ሲባል ቅርጽና ቀለም ይመስለዋል፤ የሰፈሬ ሰውም ከጊዜው አብዛኛውን ያጠፋው በቀለም ነው። አንዱ ኋላዋ ላይ «ቀስ በል፣ ቤተሰብህ ይጠብቅሃል» የሚል ለጥፎባታል፤ ፍሬን ለሌላት መኪና! ፍጥነት ያለው ግን ጎማው በሚዞርበት ሚስማር ላይ ነው። ሚስማር ከፋብሪካ ሲወጣ ከአናቱ ሥር ሸካራ ትርፍ አለው፤ ገላው ላይም ቀጫጭን ጭረት አለ። መሰርሰሪያ አፍ ላይ ታስሮ እየዞረ በጥሩ ሞረድ ይነካል፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ልስልሱ፤ መጨረሻ የጥርስ ሳሙና በነካ ጨርቅ ፊት እስኪያሳይ ይወለወላል። ዘይትና ግሪስ አቧራ ይሰበስባሉ፤ የፕላስቲክ ጎማ የሚፈልገው ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ነው። የመጻፊያ እርሳስ ተፍቆ ይሞከራል፤ ሸክላ የተቀላቀለበት ስለሆነ ግን የተጣራውን አያህልም።

ሾፌሩ ይህን ሌሊት ሲሠራ ልጁ ከመኝታው ተነሥቶ መጣ።

«አባየ፣ አንዴ ልያዛት?»

«አትንካት፣ ያንተ መኪና ናት! ብትበላሽብህስ?»

ልጁ አመክንዮው ባይገባውም ተመልሶ ተኛ። ሲነጋ አስፋልቱ ላይ ነበር። እዚያ ልጆች ያንኑ የስበት ሥራ ያለ ደብዳቤና ያለ ሚዛን ይሠሩታል፦ አንድ ጣውላ፣ ከጋራዥ የተለመነ አሮጌ ኩሽኔታ፣ ቁልቁለት። የእሱ ጋሪ ሦስት ኩሽኔታ ነበራት፤ አራተኛ ሲፈልግ ወራት አልፈዋል።

ሦስት እግር ስል ትዝ አለኝ። የእንጨቷን መኪና አንዷን የፊት ጎማ ሚሊ ሜትር ወይም ሁለት ከፍ አድርጎ መሬት እንዳትነካ ማድረግ ይፈጥናል፤ የምትሽከረከር ጎማ ስታንስ ለማሽከርከር የሚባክነውም ያንሳል። ሌላዋ የፊት ጎማ ደግሞ በጣም ጥቂት ትታጠፍና ሳንቃው መሀል ያለውን መሪ ዘንግ ተደግፋ እንድትሄድ ይደረጋል። ቀጥ ብላ እንድትሄድ የተሠራች መኪና በተግባር ከግራ ወደ ቀኝ እየተጋጨች ፍጥነቷን ታፈስሳለች፤ ከመነሻዋ አንዱን ወገን ቀስ ብላ የተደገፈችው ግን ሳትንገጫገጭ ትደርሳለች። ይህን ዘዴ የምታውቅ መኪና መሥሪያ ቤት ብትቀጠር እስካሁን ኃላፊ ሆና ነበር።

የውድድሩ ቀን ምዘናው በወርቅ ሠሪ ሚዛን ሆነ። አባቶች ጸጥ አሉ። ባለ ጥቅሱ መኪና አንድ ግራም አለፈች። አባትየው አሰበ፣ አወጣ አወረደና «ቀስ በል»ን ልጦ ጣለው። ሾፌሩ ከወይራው ላይ እዚያው በቢላዋ ሲጠርብ ቆይቶ በመጨረሻው ሰዓት ገባ። ባልቴቷ ከሳንቃው ግርጌ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የልጅ ልጃቸው መኪና በወረደች ቁጥር ብድግ አድርገው ጆሯቸው ሥር ይነቀንቋታል፤ ብሩ ካልተንኳኳ «ተመስገን» ብለው ያስረክባሉ። ልጆቹ አጨብጭቡ ሲባሉ አጨበጨቡ።

ባለ ጠገራዋ አንደኛ ወጣች፣ የሾፌሩ ሁለተኛ። ሾፌሩ «ማግኔት አለባት!» አለ። ይህን ያስተማረው የፊዚክስ መምህሩ ነው፤ ባለፈው ቡና ላይ የአክረንን ታሪክ አውግቶለት ነበር። በነሐሴ 1965 ዓ.ም.፣ የእኛ አብዮት ሊፈነዳ ወራት ሲቀሩት፣ ኦሃዮ አክረን ከተማ ላይ በትልቁ የልጆች የቁልቁለት ውድድር የ14 ዓመት ልጅ አንደኛ ወጣ። አጀማመሩ አላማረምና መኪናው ኤክስሬይ ተነሣች። አፍንጫዋ ውስጥ ኤሌክትሮ ማግኔት ተገኘ፤ መነሻው ላይ ያለው የብረት ከለላ ወደ ፊት ሲወድቅ መኪናዋን ይስባታል። ዘውዱ ተነጠቀ። የተንኮሉ ጠንሳሽ ደግሞ ልጁ ሳይሆን አጎቱ ሆኖ ተገኘ።

እኛ ጋ ኤክስሬይ ስለሌለ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በመጋዝ ትሰንጠቅ ሲል ባልቴቷ በርጩማውን ትተው ተነሡ። «ብሬን ሳላወጣ መጋዝ የሚያነሣውን አያለሁ!» ሚስማር ተቀበሉና ሁለቱን ጠገራ በገዛ እጃቸው ፈልቅቀው አንገታቸው ላይ አሠሩ። ብር ማግኔት እንዳልሆነ መምህሩ አስረዳ፤ ኮሚቴውም ክሱን ጣለና ውድድሩ እንዲደገም ወሰነ። ሆዷ ባዶ የሆነው መኪና መጨረሻ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ሒሳብ ሠራተኛውና ሾፌሩ ለቅሶ ቤት እንኳ ፊት ለፊት የማይቀመጡት።

ሽማግሌዎች ገቡበት። አሜሪካም በየቦታው እንደሚያደርጉት አባቶች ለብቻቸው የሚወዳደሩበት ምድብ ተከፈተ፤ አባት በገዛ እጁ ይሥራ፣ ልጅ ዝር እንዳይል ተባለ። ምዝገባው በዕለቱ ሞላ፣ የልጆቹም ምድብ በዚያው ተረሳ። ዋዜማው ላይ ሒሳብ ሠራተኛው የጽሑፍ አቤቱታ ይዞ መጣ፦ የሾፌሩን መኪና የሠራለት ልጁ ነው፣ ምስክር አለኝ። ልጁ ተጠርቶ ተጠየቀ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። አባየ ሚስማር መሞረድ አይችልም» አለ።

ሾፌሩ ታገደ። ከሳሹ ጎረቤቴ ደግሞ ሰው ሲበተን ልጁን ጥግ አስይዞ ስንት እንደሚያስከፍል ሲጠይቀው ደረስኩ። አንድ ኩሽኔታ፣ እሱም ቅድሚያ።