ፈርጉሰንን ያተረፋቸው ምንድን ነው?

ክርክሩን ያስነሳው ጨዋታው ሳይሆን ካሜራው ነው። ማንችስተር ዩናይትድ እየተጫወተ ነበር። ኳሷ ወደ ውጭ ስትወጣ ካሜራው ወደ ክብር መቀመጫዎቹ ዞር አለና የክለቡን የቀድሞ አሰልጣኝ ሰር አሌክስ ፈርጉሰንን አሳየን። አብረን የምናየው አምስት ነን። የቆየ ትውውቅ ነው ያለን። በኳስ ሰበብ እንገናኛለን፣ ኳሱ ሲያልቅ ወደ ሌላ ወሬ እንገባለን። የዚያን ቀን ግን ወሬው ኳሱ ሳያልቅ መጣ።

«አያችሁት ሰውዬውን?» አለ በዕድሜ ትንሹ፣ ለማንቼ ነፍሱን የሚሰጠው። «በ76 ዓመቱ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ተቀዶ፣ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላው እዚያው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ። ታጋይ ስለሆነ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አልቆለት ነበር።»

«ታጋይ አትበል፣ ሀብታም በል» አለ ነጋዴው። ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል፤ ጋሼ ነው የምንለው። «ልጄ፣ ገንዘብ ነው ያተረፈው። እኔና አንተ ብንሆን ቤታችን ወለል ላይ ነበር የምንቀረው።»

ክርክሩ እንዲገባችሁ ቀኖቹን ላስቀምጥ። ነገሩ የሆነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቅዳሜ፣ ሜይ 5 ቀን 2018 ነው። ከዚያ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ፈርጉሰን ኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ላይ ቆመው ነበር። አርሰናልን ሊለቅ ለነበረው ለአሰልጣኝ አርሰን ቬንገር የመሰነባበቻ ስጦታ ሲሰጡ ዓለም አይቷቸዋል። ለሚያያቸው ምንም የነካቸው ነገር አይመስልም ነበር። ቅዳሜ ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። መጀመሪያ ማክልስፊልድ ወዳለው ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ሳልፎርድ ሮያል ተወሰዱና በዚያው ቀን አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ክለቡ ማምሻውን፣ ቀዶ ሕክምናው በጣም ጥሩ እንደሄደ፣ ነገር ግን በፅኑ ሕሙማን ክፍል መቆየት እንደሚያስፈልጋቸው አስታወቀ። በአራተኛው ቀን ከዚያ ክፍል ወጡ። ጁላይ 26 በቪዲዮ ብቅ ብለው ያከሟቸውን አመሰገኑ። ሴፕቴምበር 22 ዩናይትድ ከዎልቭስ ጋር አንድ እኩል ሲወጣ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ከወደቁ 140 ቀን ሆኗቸዋል።

ወጣቱ ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቃል። «ፈርጊ ታይም ማለት ይሄ ነው» አለን። ቡድኑ በጭማሪ ደቂቃ ጎል ሲያገባ ደጋፊው የሚለው ቃል ነው። «በ1999 ባየርን ሙኒክን በጭማሪ ደቂቃ ሁለት አግብቶ ዋንጫውን የወሰደ ሰው፣ ለሞትም አይንበረከክም።»

አራተኛው ወዳጃችን ፊዚዮቴራፒስት ነው። ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች ሲያስነሳ ነው የሚውለው። ቶሎ የሚናገር ሰው አይደለም። መጀመሪያ የነጋዴውን ነገር አነሳ።

«ጋሼ፣ ሳልፎርድ ሮያል እኮ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። የዚያ አካባቢ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ማዕከል እሱ ስለሆነ ነው የወሰዱት። የአውቶቡስ ሾፌር ቢሆንም ወደዚያው ነበር የሚወሰደው። በር ላይ ቆሞ መጀመሪያ ክፈል የሚል የለም።»

«ከዚያ በኋላስ?» አለ ነጋዴው። «በቪዲዮው ላይ ያመሰገነው ሦስት ሆስፒታል ነው። ሦስተኛው አሌክሳንድራ የግል አይደለም?»

«የግል ነው» አለ ፊዚዮቴራፒስቱ። «እሱን አልክድህም። ግን የዚያን ቀን ነገር በገንዘብ አይደለም የሚለየው። የራስ ቅል አጥንት ነው፣ አይለጠጥም። ደም ሲፈስበት የሚሄድበት ቦታ የለም፤ አንጎሉን ነው የሚጫነው። እያንዳንዱ ደቂቃ ጉዳቱን ይጨምራል። ቶሎ ያየው ሰው መኖሩ፣ አምቡላንሱ፣ ሁለተኛው ሆስፒታል ዝግጁ መሆኑ፣ የፈሰሰበት ቦታ፣ የፈሰሰው መጠን። ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል እንግሊዝ አገርም ሰው ይሞታል።»

ወጣቱ አልረካም። «እሺ፣ ግን መንፈሱስ? እጅ የሚሰጥ ሰው ቢሆን ይተርፍ ነበር?»

አምስተኛዋ እስካሁን ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። ወደ እሱ ዞረች።

«ወንድሜ፣ ፈርጉሰን ራሱ ስለዚያ ቀን ምን እንዳለ ሰምተሃል?»

«ልጁ በሠራው ፊልም ላይ?» ልጃቸው ጄሰን ስለ አባቱ የሠራው ዘጋቢ ፊልም በ2021 ወጥቷል።

«አዎ። በዚያን ቀን አምስት ሰው አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶበት እንደነበረ ይናገራል። ሦስቱ ሞቱ፣ ሁለቱ ተረፉ። እድለኛ እንደሆንክ ታውቃለህ ነው ያለው። ታግዬ ተረፍኩ አላለም። እና ሦስቱ ምን ሆነው ነው የሞቱት? እጅ ሰጥተው?»

አምስት። በክፍሉ ውስጥ የነበርነውም አምስት ነን። ሳላስበው አንድ በአንድ አየኋቸው።

ወጣቱ ዝም አለ። እሷ ግን የጀመረችውን መጨረስ ፈለገች። የአባቷን ነገር ሁላችንም በሩቁ ነበር የምናውቀው። ከሦስት ዓመት በፊት አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ እንደተረፈ ሰምተናል። ቀሪውን ያን ቀን ነው የነገረችን።

«አባዬ መምህር ነበር። ቃል እንጀራው ነበር ማለት ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ እግሩ ደህና ነው፣ ይሄዳል። ሁሉም ሰው ዳነ አለን። እኛም ዳነ አልን። ቤት ገብቶ ውሃ ሲጠማው ‹ቁልፍ› አለኝ። ቁልፍ አመጣሁለት። ራሱን ነቀነቀና ‹ቁልፍ! ቁልፍ!› አለ። በር ከፈትኩለት። መጨረሻ ላይ ብርጭቆውን በጣቱ ሲያሳየኝ ነው የገባኝ። ለወራት ሁሉም ነገር ቁልፍ ነበር። ብርድ ልብሱም፣ መነጽሩም፣ እኔም። በጣም የሚያስገርማችሁ ደግሞ ‹አባታችን ሆይ›ን አንድ ቃል ሳይስት እስከ መጨረሻው ይላል። ከአንድ እስከ ሃያ ይቆጥራል። ውሃ ስጪኝ ማለት ግን አይችልም።»

ፊዚዮቴራፒስቱ ራሱን ነቀነቀ። በቃል የተያዘ ነገር ብዙ ጊዜ እንደሚተርፍ፣ ፈልጎ ማግኘት የሚጠይቀው ቃል ግን እንደሚጠፋ ነገረን። ሐሳቡ እንዳለ አለ፤ ወደ ቃል የሚያሻግረው መንገድ ነው የተሰበረው።

«እንዲህ ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም» አለች። «ንግግር እንደ እግር ልምምድ እንዳለው ማንም አልነገረንም። መድኃኒት ተጻፈልን፣ የደም ግፊቱን ተቆጣጠሩ ተባልን፣ ሄድን። ጠያቂ ይመጣል። ‹በርታ፣ ታገል፣ አንተ ጠንካራ ሰው ነህ› ይለዋል። ፈርጉሰንን ምሳሌ አድርጎ የነገረውም ነበር። አባዬ ይሰማል፣ ይገባዋል። ሰውዬው ሲወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ያልታገለ መስሎት ነበር እኮ!»

«እኔ አባትሽን አላልኩም» አለ ወጣቱ።

«አውቃለሁ፣ አንተ አላልክም። ቃሉ ነው የሚለው።»

ለጥቂት ጊዜ የተናገረ የለም። ጨዋታው ቀጥሏል፣ የሚያየው ግን አልነበረም። ከዚያ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ወጣቱ ራሱ ነው የጀመረው።

«ፈርጊም ድምፁ ጠፍቶ ነበር» አለ። «ፊልሙ በወጣበት ዓመት ቃለ መጠይቅ ላይ ተናግሯል። አንድ ቃል እንኳ ማውጣት አቃተኝ፣ በጣም ፈራሁ ነው ያለው። ደግሞ ትዝታው የሚመለስ አልመሰለውም። ከመሞት ይልቅ እሱ ነው ያስጨነቀው። የንግግር ቴራፒስት መጣችና ታስጽፈው ጀመር።»

«ምን ነበር የምታስጽፈው?» አለች ሴትዮዋ።

«መጀመሪያ የቤተሰቡን ስም በሙሉ። ከዚያ የተጫዋቾቹን። ከዚያ ደግሞ ስለ እንስሳት ጠየቀችው። ስለ ዓሣ። ስለ ወፍ።»

«ስለ ወፍ?»

«ስለ ወፍ። ከአሥር ቀን በኋላ ድምፁ ተመለሰ።»

ከሰማሁት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ነው። ሰውዬው 13 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ የወሰዱ ናቸው። የአንድ ትልቅ ክለብ ስም ዝርዝር ለ26 ዓመት ተኩል በእጃቸው ነበር። ማን ይሰለፋል፣ ማን ይቀመጣል ብለው የሚጽፉት ወረቀት የሰዎችን ዕድል ይቀይር ነበር። አሁን አልጋ ላይ ናቸው። ወረቀት ይዘው የራሳቸውን ልጆች ስም ይጽፋሉ። ቀጥሎ የተጫዋቾቹን። ቀጥሎ የምታውቁት ዓሣ ምን ምን አለ ይባላሉ። ያቺ ቴራፒስት ስሟን የሚያውቅ ደጋፊ ያለ አይመስለኝም።

ፊዚዮቴራፒስቱ የወፉን ነገር አብራራልን። ቃላት አንጎል ውስጥ በቤተሰብ ነው የሚቀመጡት። እንስሳ በለው፣ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ቴራፒስቷ በአንድ በኩል ምን እንደቀረ ታያለች፣ በሌላ በኩል መንገዱን ታስጠርጋለች። አሰልቺ ሥራ ነው፤ በየቀኑ መደጋገም አለበት። የተጎዳው የአንጎል ክፍል እንደ ቁስል አይሽርም። ዙሪያው ያለው ክፍል ሥራውን እንዲወስድ በልምምድ ይለመናል። መሻሻሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈጥናል፣ በኋላ ይዘገያል፣ ግን በር ተዘጋ ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም።

ነጋዴው ይሄኔ ተመልሶ ገባ። «በየቀኑ መጥታ የምታስጽፍ ሴት ማን ያገኛል? እኔ ያልኩት ይሄን ነው። ቀዶ ሕክምናው ለሁሉም ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለማን ነው?»

«እውነትህን ነው» አለው ፊዚዮቴራፒስቱ። «እዚያው እንግሊዝም ቅሬታ አለ። ተዋናይዋን ኤሚሊያ ክላርክን ውሰድ። በ2011፣ ገና በ24 ዓመቷ ነው አንጎሏ ላይ ደም የፈሰሰባት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሙሉ ስምሽን ንገሪን ሲሏት መናገር አቃታት። በ2019 ታሪኳን ስትጽፍ አብራ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመች። ሥራው ምን መሰለህ? ሰው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያለውን ተሃድሶ ማገዝ። ክፍተቱ ያለው እዚያ እንደሆነ ገብቷታል።»

እኔ እስካሁን ብዙ አልተናገርኩም። ክርክሩ ሲጀመር በወጣቱ ወገን ነበርኩ፤ አልደብቅም። ፈርጉሰን ያንን ወንበር ላይ ሲቀመጡ ባየሁ ቁጥር፣ እልኸኛ ሰው ሞትን አሸነፈ እያልኩ ነበር የምደሰተው። አሁን እንደዚያ አልልም።

በእኔ ፍርድ በዚያ ቅዳሜ ፈርጉሰን አልታገሉም። መታገል አይችሉም ነበር። መውደቃቸውን ያስታውሳሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አያስታውሱም። የታገሉት ሌሎች ናቸው። ስልክ የደወለ፣ አምቡላንስ የነዳ፣ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ያሻገረ፣ ቢላ የያዘ። ስለዚህ «ታጋይ ስለሆነ ተረፈ» የሚለውን ቃል ከአፋችን ብናወጣው ደስ ይለኛል። በዚያው ቀን የሞቱት ሦስቱም ሰዎች ናቸው። ልጆች ይኖሯቸዋል።

የሰውዬው እልህ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ወጣቱ እዚህ ላይ እውነት አለው፤ ቦታውን ነው የሳተው። እልኹ ያገለገለው ወረቀቱ ላይ ነው። ያን ያህል ትልቅ ሰው ሆኖ የዓሣ ስም ለመጻፍ አለመቆጣት፣ ነገም ተመልሶ መጻፍ። ለዚያ ትልቅ ልብ ያስፈልጋል። ነገር ግን ወረቀቱን ይዞ የሚመጣ ሰው ከሌለ ያ ልብ ምን ላይ ይውላል? መምህሩ ልብ አጥቶ አይደለም። ወረቀት ይዞ የመጣለት አልነበረም። ነጋዴውም የድርሻውን ያህል እውነት ይዟል፤ ልዩነቱ የሚጀምረው ከሆስፒታሉ በር ውጭ ነው።

ልንለያይ ስንል ወጣቱ ሴትዮዋን ጠጋ ብሎ «አባትሽ ኳስ ይወዳል እንዴ?» አላት። የተጫዋቾቹን ስም አስቦ መሆኑ ገብቶኛል።

«ምንም አያውቅም» አለችው። «እሱ የሚያውቀው ተማሪዎቹን ነው። ሠላሳ ዓመት ስም ሲጠራ ነው የኖረው። ጠዋት ጠዋት መዝገቡን ይዞ።»

ፊዚዮቴራፒስቱ ቀና አለ። «መዝገቡ አለ?»

«ሣጥን ውስጥ ይኖራል። ያረጀ ነው።»

ባለሙያ አይደለሁም፤ የንግግር ቴራፒስት ማግኘት ከቻለች መጀመሪያ እሱን ታግኝ። እስከዚያው ግን እኔ ብሆን ሣጥኑን ከፍቼ፣ መዝገቡን አባቴ ጉልበት ላይ አስቀምጬ፣ ከመጀመሪያው ስም እጀምር ነበር።