ቆሮሶ ሆዱ መች ነጭ ሆኖ ያውቃል?

ሰሞኑን እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ኃላፊ ስብሰባ ላይ «ሥጋም ይሁን ዓሣ ውስጡ ከጠቆረ ይወገዳል፣ ጥቁር ጥቁር ነው» አሉ ሲባል ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ሄጄ በዓይኔ አየሁት። ባጅ ያንጠለጠለ ጎረምሳ ቆሮሶ የሚባለውን የጣና ዓሣ ከሚሸጡ አንዲት እናት ሳፋ አንዱን አንስቶ ሆዱን በጣቱ ከፈት አደረገና ውስጡን የለበሰውን ስስ ጥቁር ሽፋን አይቶ «እማማ ይሄ ተበክሏል፣ አይሸጥም» አላቸው፣ እሳቸውም «ኧረ ልጄ፣ ቆሮሶ ሆዱ መች ነጭ ሆኖ ያውቃል?» ቢሉት ማን ሰምቷቸው፣ ሙሉ ሳፋ ዓሣ ተደፋ።

ምክንያቱ ሲጠየቅ ደግሞ «ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጩ ነው ያጠቆረው» ተባለ። እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው እኮ! ከዚያ በፊት አያቶቻችን በቢላ ጀርባ ሲፍቁት የኖሩት ጥቁር ሽፋን ከየት መጣ? እምቦጭ መረብ ይይዛል፣ ጀልባ ያስቆማል፣ የሠራው ግፍ ይበቃዋል፣ ያልሠራውን አትጫኑበት። ያ ሽፋን የዓሣው የሆድ ዕቃ ሽፋን ነው፣ ጥቁረቱም ሜላኒን የሚባለው ቀለም ነው፣ ያው የኔና የናንተ ቆዳና ጸጉር ውስጥ ያለው። ዓሣው በተፈጥሮው ይዞት ነው የሚያድገው።

እኔ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና «ጥቁር ጥቁር ነው» ሲባል ደሜ ይፈላል። ጥቁር ዘር አለው፣ እናት አባቱ ይጠየቃል። ሰውነት ውስጥ ደም ፈሶ ሲፈራርስ የሚቀረው ሄሞሲደሪን አለ፣ ብረት ስላለበት ፐርልስ የሚባል ጀርመናዊ በ1867 ባሳወቀው ዘዴ ፖታሲየም ፌሮሳያናይድና አሲድ ሲነካው ቁልጭ ያለ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሰማያዊ ሆነ ማለት ብረት ነው፣ ክርክር የለም። ሜላኒን ሰማያዊ አይሆንም፣ ግን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ብታቆየው ቀስ እያለ ይነጣል፣ ጸጉር ቤት ጸጉር የሚያነጡበት ነገር ያው እሱ አይደል እንዴ? ሳንባ ውስጥና አጠገቡ ያሉ እጢዎች ላይ የሚጠራቀመው ጥላሸት ደግሞ አይነጣም፣ ሰማያዊም አይሆንም፣ ምንም ብታደርገው ያው ጥላሸት ነው። አሥር ዓመት ሜጫ ላይ ሲያርስ የኖረ በሬ ሲታረድ ልቡ ቡናማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ እሱ ሊፖፈሲን ነው፣ የዕድሜ ዝቃጭ በሉት፣ ከስብ ስለሚመጣ ሱዳን ብላክ የሚባለው ቀለም ይይዘዋል፣ በሬው አረጀ እንጂ አልታመመም። እና ደግሞ ከብቱ ሞቶ ሆድ ዕቃው ሳይወጣ ሲቆይ የአንጀት ባክቴሪያ የሚያወጣው ጋዝ ከደም ብረት ጋር ተገናኝቶ ጉበቱን፣ በተለይ አንጀት የነካውን በኩል፣ አረንጓዴ የቀላቀለ ጥቁር ያደርገዋል። መያዝ ያለበት ይሄ ነበር! ይሄ ሥጋው መቆየቱን የሚናገር ጥቁር ነው፣ ግን በዓይን አይቶ የሚለይ ሲጠፋ ይሄኛው ያልፍና የእማማ ቆሮሶ ይደፋል።

ጥቁር እንዴት እንደሚያሳስት በራሴ አውቀዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ አንድ የጉበት ስላይድ (መስታወት ላይ የተለጠፈ ስስ ቁራጭ) ላይ በየቦታው ጥቁር ነጠብጣብ አየሁና በኩራት «ሜላኒን» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪያችን ምንም አልተናገሩም፣ ስላይዱን አልኮል ውስጥ በሟሟ ፒክሪክ አሲድ ውስጥ ነክረው አቆዩትና መልሰው ሰጡኝ፣ ባየው አንድ ነጠብጣብ የለም። ለካ ጉበቱ እንዳይበሰብስ የተነከረበት ፎርማሊን ሳይስተካከል አሲድ ሆኖ ከደሙ ጋር የሠራው ጥቁር ነው፣ ከብቱ ላይ በሕይወቱ ያልነበረ። እኔ ቢያንስ ያበላሸሁት አንድ ስላይድ ነው፣ የሰው እንጀራ አይደለም።

ሁሉም ጥቁር ይበላ አላልኩም። ጥቁር እብጠት፣ ሜላኖማ የሚባለው፣ ይወገድ። ዓሣው ቆዳ ላይ ጤፍ የሚያካክል ጥቁር ነጥብ ካለም ውስጡ የትል እጭ ሊኖር ይችላል፣ ዓሣው ራሱ ነው በሜላኒን የሚከበው፣ ይታይ። ከዚህ በላይ ግን አንድ ስንዝር አልሄድም። «ላቦራቶሪ የለንም፣ ለጥንቃቄ ነው» የሚሉትን ደግሞ ተዉኝ፣ ለቆሮሶ ላቦራቶሪ ማን ጠየቀ? ሽፋኑን በአውራ ጣት ገፋ ማድረግ ነው፣ ሥሩ ያለው ሥጋ ንጹህ ነጭ ነው፣ የሚቀጥለውም ዓሣ እንደዚያው፣ የሚቀጥለውም። ሳፋ ሙሉ ዓሣ ላይ እኩል ተለክቶ የተቀባ በሽታ ያየ ካለ ያሳየኝ።

ትናንት በዚያው ሳልፍ እማማን አገኘኋቸው። ሌሊት ተነስተው ጥቁሩን በማንኪያ ፍቀው ነው አሁን የሚያመጡት። ከዚያው ሐይቅ፣ በዚያው መረብ የተያዘ ቆሮሶ። ባጅ ያንጠለጠለው ልጅ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ «ጎበዝ እማማ፣ ይሄ ንጹህ ነው» ብሏቸው ሄደ።