ሒሳቡ በጭብጨባ ጸድቋል

እጅ የተፈጠረው ለሥራ ነው የሚል ሰው የሠራተኛ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ገብቶ አያውቅም። እጅ የተፈጠረው ሒሳብ ለማጽደቅ ነው። ገንዘብ ያዡ ሪፖርቱን ሊያነብ ሲነሣ አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ከኋላ ለስላሳ እየተደረደረ ስለሆነ የሚሰማው የጠርሙስ ኳኳታ ብቻ ነው። «ገቢ… ወጪ… ከወጪ ቀሪ…» ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን ያያል፤ «ከጊዜ አንጻር ዝርዝሩን ብናልፈውስ?» ጭብጨባው የሚነሣው ይኼኔ ነው። ያልተነበበለትን ጭምር የሚያጸድቅ አባል ማፍራት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ገንዘቡ ትንሽ ነው ደግሞ አትበሉ። 500 አባላት ያሉት ማኅበር እንውሰድ፤ ደመወዛቸው በአማካይ 8,000 ብር፣ መዋጮው አንድ በመቶ ይሁን። ከያንዳንዱ በወር 80 ብር ትነሣለች። ለ80 ብር ማን ይጣላል? ዓመት ሲሞላ ግን 480,000 ብር ሆናለች። የአባላቱ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው፤ ብሩ ኪሳቸው ሳይደርስ ስለሚሄድ መሄዱን አያዩም፣ ስላላዩትም አይቆጫቸውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በጽሑፍ ሲጠይቅ አሠሪው መዋጮውን ከደመወዙ ቆርጦ በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ እንዲያስገባ ግዴታ ጥሎበታል። ሕጉ ገንዘቡን እስከ ባንክ በር ድረስ በክብር ሸኝቶታል። ሲወጣ ማን ይሸኘዋል የሚለውን ለእኛ ትቶልናል፤ እኛም አምነናል።

ይኸው ዐዋጅ ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው፣ ደንቡም የአባላትን መዋጮ፣ የገንዘብና የንብረት አስተዳደሩን፣ ማኅበሩ ቢፈርስ የንብረቱን ዕጣ ሳይቀር እንዲይዝ ያዛል። ተጽፏላ! ያውም ግሩም ሆኖ፤ ከሌላ ማኅበር ደንብ ተገልብጦ፣ ስሙ ብቻ ተቀይሮ (አንዳንዱ ገጽ ላይ የድሮው ስም እንዳለ ቀርቷል)። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ገባ፣ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ተገኘበት፣ ከዚያ በኋላ ደንቡ በክብር ጡረታ ወጣ። አሁን ሊቀ መንበሩ መሳቢያ ውስጥ አርፏል። የመሳቢያው ቁልፍ ሊቀ መንበሩ ጋ ነው። ሊቀ መንበሩ ደግሞ ሥልጠና ላይ ነው፤ ቢሾፍቱ።

ከሪፖርቱ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ «ልዩ ልዩ ወጪ» የምትባለው መስመር ናት። ከላይዋ የጽሕፈት መሣሪያ ግዢ ተቀምጧል እንበል፤ 1,240 ብር ከ50 ሳንቲም። ሳንቲሟን ያየ አባል «አቤት ጥንቃቄ!» ብሎ ልቡ ያርፋል። ዝቅ ስትሉ የሚያዝያ 23 ቲሸርትና ኮፍያ፣ እሱም በደረሰኝ። ከዚያ ልዩ ልዩ ትመጣለች፤ ድፍን 90,000። ሳንቲም የላት፣ ደረሰኝ የላት፣ ዘመድ የላት። የተከበረች እመቤት ስለሆነች ከየት መጣሽ፣ ወዴት ትሄጃለሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያሉት አበው እንዲህ ያለች መስመር ባያውቁም ፍላጎቷን ቀድመው ተረድተውላታል።

የኦዲት ኮሚቴውንማ አለማመስገን ነውር ነው። ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ የገንዘብ ያዡ አበልጅ ነው። ሁለተኛው ከድርጅቱ ከለቀቀ ቆይቷል። ሦስተኛው መመረጡን አልሰማም። ሪፖርታቸው እንከን ተገኝቶበት አያውቅም፤ ባልተጻፈ ሪፖርት ላይ ማን እንከን ያገኛል? (ሒሳባቸውን በውጭ ኦዲተር አስመርምረው ውጤቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፉ ማኅበራት አሉ። እነሱን እዚህ አላነሣቸውም፤ አባላቱን ለንባብ ስለሚያደክሙ ጭብጨባ አይገባቸውም።)

ታዲያ ይህ አጨብጫቢ አባል ሒሳብ አይገባውም እንዳትሉ። እሑድ ጠዋት በሰፈሩ ዕድር ስብሰባ ላይ እዩት። የጎላ ድስቱ ክዳን ጠፋ ተብሎ ግማሽ ቀን ይሟገታል። የድንኳኑ ሸራ ከየት ሱቅ፣ በስንት፣ ማን ባለበት እንደተገዛ ይጠይቃል። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባለፈው ወር የተረፈችው 35 ብር የት ገባች?» እያለ ገንዘብ ያዧን ላብ በላብ ያደርጋቸዋል። እሳቸውም መሐረባቸውን ፈትተው ይቆጥሩለታል። የሙስና ወንጀሎች ዐዋጅ ቁጥር 881/2007 ከአባላት የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድረውን አካል «ሕዝባዊ ድርጅት» ብሎ በሕጉ ሥር ሲያስገባ ዕድርን በግልጽ ትቶታል። ሕግ አውጪው እናቶች እንደሚበቁት ዐውቆ መሆን አለበት። ከተተዉት መካከል የሠራተኛ ማኅበር የለበትም። እንግዲህ ዐዋጁ በተወው ቤት ሰው እንደ ዐቃቤ ሕግ ይመረምራል፣ ዐዋጁ በገባበት ቤት ደግሞ ያጨበጭባል። በአደራ የተሰጠን ገንዘብ ለራስ ማዋል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 እምነት ማጉደል ነው፤ ግን ይህን ጉባኤ ላይ ማንሣት ለስላሳውን ያሞቀዋል።

አልፎ አልፎ ይህን የመሰለ ሰላም የሚያውክ አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ አዲስ ተቀጣሪ ነው። ከመጨረሻው ረድፍ ተነሥቶ «የባንክ መግለጫውን ማየት እንችላለን ወይ?» ይላል። አጠገቡ ያሉት አዛውንት ጉልበቱን ነካ ያደርጉታል፤ «ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም።» ሊቀ መንበሩ ግን አዋቂ ነው፣ አይቆጣም። «የወንድማችን ጥያቄ ገንቢ ነው። እንዲህ ያለ ንቁ ወጣት ለኦዲት ኮሚቴያችን ያስፈልገናል» ይላል። ጥቆማው ይደገፋል፣ ይጨበጨባል፣ ልጁ ይመረጣል። በሚቀጥለው ሳምንት ለአምስት ቀን ሥልጠና ቢሾፍቱ ይላካል። ውሎ አበሉ ከልዩ ልዩ ወጪ ይታሰብለታል፤ እሱም ፈርሞ ይቀበላል።