የሦስት አገር እንክብል

ጥርሴን ላስነቅል ሄጄ ክንዴን ያዙኝ። ሌሊቱን ጉንጬን ደግፌ ስንቆራጠጥ አድሬ፣ ሲነጋ እዚህ ሰው አገር የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተንጋለልኩ። ረዳቷ አፌን ገና ሳታየው “እጅጌህን ሰብስብ” አለችና የደም ግፊት መለኪያውን ጠቀለለችብኝ። 182 በ108። ሐኪሙ ገባ፣ ቁጥሩን አየ፣ ያዘጋጀውን መርፌ መልሶ አስቀመጠ። “ዛሬ አንነቅልም፤ መጀመሪያ ለግፊትህ ሐኪም ዘንድ ሂድ” ብሎ ከነሕመሜ ሸኘኝ። እንዴት እንደበገንኩ! ጥርስ ወዲህ፣ ግፊት ወዲያ፤ ምን አገናኛቸው?

ያ ንዴት ሲበርድ የባሰው መጣ። እማዬ ለጉልበቷ ስምንት ዓመት ሕክምና ተመላልሳለች። ካርድ ታወጣለች፣ ትሰለፋለች፣ ማስታገሻ ተጽፎላት ወደ ቤቷ። በዚያ ሁሉ ምልልስ ክንዷን የያዘ ሰው አልነበረም። ግፊት እንዳለባት ያወቅነው ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏት አፏ ወደ አንድ ወገን የተጣመመ ዕለት ነው። እኔ ለአንድ የመንጋጋ ጥርስ ብዬ ያገኘሁትን ልኬት እሷ በስምንት ዓመት አላገኘችም።

የእኛ ቤት ጉድ ብቻ መስሎኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) በነበረው ግምት ከ30 እስከ 79 ዓመት ባለው ዕድሜ 1.28 ቢሊዮን ሰው ግፊት አለበት፤ ከነዚህ 46 በመቶው አያውቁትም። በዚያው ዓመት የልብና የደም ሥር ሕመም የ17.9 ሚሊዮን ሰው ሕይወት ቀጥፏል። ከአራቱ ሟቾች ሦስቱ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። አሁንም “የሀብታም በሽታ” የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የራሴ ግፊት ይነሳል።

ታዲያ ዓለም ዝም ብሏል? የለም፣ ይተባበራል። ትብብር ሲባል ግን አገር ቤት ለዓይን የሚሞላው ከውጭ የመጣው የሐኪሞች ቡድን ነው። በሳምንት ውስጥ የብዙ ልጆችን የልብ ቫልቭ ይጠግናሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ እኛም እዚህ ሆነን እንባችንን እየጠረግን እናጋራለን። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ለዳነው ልጅ ሳምንቱ ዕድሜ ልክ ነው። ግን ያ ቫልቭ የተበላሸው በአብዛኛው በጊዜ ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሰበብ ነው። አንዴ የተነካ ልጅም በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ አንዲት የፔኒሲሊን መርፌ ቢወጋ ሕመሙ እንዳያገረሽበት ይጠብቀዋል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2018 ስለዚሁ የልብ ሕመም ውሳኔ አሳልፏል። መርፌ በወቅቱ የተወጋ ልጅ ግን ፎቶ አይወጣለትም።

ያስቀናኝ ሌላ ዓይነት ትብብር ነው። ከ2016 ጀምሮ በላቲን አሜሪካና በካሪቢያን ባርባዶስ፣ ቺሌ፣ ኮሎምቢያና ኩባ የጀመሩት፣ ኋላም ሌሎቹ የተከተሉት “ኸርትስ” የሚሉት አሠራር አለ። ምሥጢር የለውም። የመጣውን አዋቂ ሁሉ መለካት፤ ትክክለኛነቱ በተረጋገጠ መለኪያ መለካት፤ በየትኛው መድኃኒት ተጀምሮ ወደ የትኛው እንደሚታለፍ አንድ ገጽ ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፤ ነርሷም እንድትከታተል መፍቀድ። መድኃኒቱን ደግሞ አገሮቹ በጋራ የሚገዙበት ፈንድ አላቸው፤ ብዙ ሆነው ሲገዙ ዋጋው ይወርዳል። እማዬ የተመላለሰችበት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው “ዝምታ ወርቅ ነው” የሚል ወረቀት ነበር። ሌላ ነገር አላየሁበትም።

በ2025 መንግሥታት በተባበሩት መንግሥታት ተሰብስበው እስከ 2030 ድረስ ተጨማሪ 150 ሚሊዮን ሰዎች ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር እንዲሆን ዕቅድ ይዘዋል። እሱ እስኪደርስ እኛ የእማዬ ልጆች የራሳችንን ዓለም አቀፍ ትብብር መሥርተናል፦ ሻንጣ። ታናሽ ወንድሜ ካለበት የግፊት መድኃኒቷን በሰው ይልካል፣ እህቴ ካለችበት ትልካለች፣ እኔም እልካለሁ። ጽሕፈት ቤት የለን፣ ስብሰባ የለን፤ የእያንዳንዳችን ኩራት ግን ከልክ ያለፈ ነው።

ባለፈው ወር ከእማዬ ጋር በቪዲዮ ስንገናኝ እግሯን አሳየችኝ። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። “ደግሞ ስነሳ ያዞረኛል” አለች። እንክብሎቹን አምጪና ለካሜራው አሳዪኝ አልኳት። ሦስት ማሸጊያ ደረደረች፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ባለ ቀይ መስመር። ስማቸው ሦስት ዓይነት፣ ፊደላቸውም ሦስት ዓይነት። እያጎላሁ በደቃቁ የተጻፈውን አነበብኩ። አምሎዲፒን። አምሎዲፒን። አምሎዲፒን። ጠዋት የእኔን፣ ቀትር ላይ የእህቴን፣ ማታ የወንድሜን ትውጥ ኖሯል፤ በሦስት አገር ትብብር የአንድ ሰው ሦስት እጥፍ።

በሐኪም እስክትታይ ድረስ ከአንዱ በቀር እንዳትነኪ ብዬ ቆጣ አልኩ። ለእሷ ይሁን ለራሴ አላውቅም። እሷ ማሸጊያዎቹን መልሳ አየቻቸውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “እሺ ልጄ” አለች፣ “የማንኛችሁን ልተው? ማን ቅር ይለዋል?”