መዋጮውን ማን ይክፈል?

እዚህ ቨርጂኒያ የገዢ ምርጫ በመጣ ቁጥር አንድ የቆየ ሕግ ከተኛበት ይቀሰቀሳል። ራይት ቱ ወርክ ይባላል፤ ለሠራተኛ ማኅበር፣ ለዩኒየን ማለት ነው፣ መዋጮ መክፈል ግዴታ እንዳይሆን የሚያደርግ ሕግ ነው። በ2025ቱ ምርጫም ተነሳ። የሪፐብሊካኗ ዕጩ ዊንሰም ኧርል ሲርስ ዴሞክራቶች ከመጡ ይህ ሕግ አደጋ ላይ ነው እያሉ ቀሰቀሱ። ዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር ደግሞ ሕጉን ሙሉ በሙሉ የሚሽር ረቂቅ ቢመጣ አልፈርምም አሉ። ስፓንበርገር በሰፊ ልዩነት አሸነፉ።

ክርክሩ የፖለቲከኞች ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ያንገበገበኝ የእኛ ሰው አነጋገር ነው። አሌክሳንድሪያ ቡና ላይ ስንቀመጥ፣ ከቅዳሴ በኋላ ግቢ ውስጥ ቆመን ስናወራ የምሰማው ያው ነው። «ዩኒየን ገንዘቤን ከመቁረጥ ሌላ ምን ያደርግልኛል?» ይህን የሚለኝ ባለ ሱቅ ቢሆን ይገባኛል። የሚለኝ ግን ሆቴል አልጋ የሚያነጥፍ፣ ኤርፖርት ዊልቸር የሚገፋ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ የሚውል ሰው ነው።

መጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ብዙ ሰው ሌላ ነገር ይመስለዋል። «ቨርጂኒያ ራይት ቱ ወርክ ስለሆነ አለቃ በፈለገው ቀን ያባርርሃል» ሲባል ስንቴ ሰማሁ። ያ ሌላ ነው። ያለ ምክንያት ማባረር የሚቻለው አት ዊል በሚባለው ደንብ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሞንታና በቀር በሁሉም ስቴት አለ። ራይት ቱ ወርክ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዩኒየን ባለበት ቦታ ብትሠራም ለዩኒየኑ ክፈል ተብለህ አትገደድም። በቃ።

አባል ሁን ተብሎ መገደድማ የቀረው ድሮ ነው። ኮንግረስ በ1947 የፕሬዚዳንት ትሩማንን ተቃውሞ ሽሮ ታፍት ሃርትሊ የተባለውን ሕግ ሲያወጣ፣ አባል ያልሆነ አይቀጠርም የሚለውን አሠራር ከለከለ። በ1963 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግዴታው ከመክፈል እንደማያልፍ ወሰነ። በ1988 ደግሞ አባል ያልሆነ ሰው ዩኒየኑ ለፖለቲካ የሚያወጣውን ድርሻ አልከፍልም ማለት እንደሚችል ወሰነ። ለድርድሩና ለውክልናው የሚወጣውን ብቻ ይከፍላል። ስለዚህ «በግድ አባል ሊያደርጉን ነው» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ጥያቄው የድርድሩንና የሙግቱን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው ነው።

ታፍት ሃርትሊ ይህን ለየስቴቱ ተወው። ዛሬ 26 ስቴቶች «መክፈል ግዴታ አይሆንም» ብለዋል። ቨርጂኒያ ሕጉን ያወጣችው በዚያው በ1947 ነው። ገዢው ዊሊያም ተክ ይባሉ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የመብራት ኩባንያው ሠራተኞች አድማ ሊመቱ ሲሉ፣ ገዢው ሠራተኞቹን የስቴቱ ሚሊሺያ አድርገው መዝግበው ከሥራ እንዳይወጡ አዘዙ። እኛ አገር ላደገ ሰው ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም።

ፖቶማክን በድልድይ ሲሻገሩ ነገሩ ይቀየራል። ባለቤቴ የምትሠራው ዲሲ ነው። እዚያ ዩኒየኑና አሠሪው የተፈራረሙት ኮንትራት አዲስ የተቀጠረ ሁሉ ከሠላሳ ቀን በኋላ ይከፍላል ይላል፤ ሁሉም ይከፍላል። ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ሬገን ኤርፖርት ያለው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ውስጥ ነው። የአየር መንገድ ሠራተኞች ግን በፌዴራሉ የባቡርና የአየር መንገድ ሕግ ስለሚተዳደሩ የቨርጂኒያው ሕግ አይመለከታቸውም። ለአየር መንገድ የሚሠራው ጎረቤቴ በግድ ይከፍላል። እኔ ከእሱ ጥቂት ማይል ርቄ ሆቴል የምሠራው በፈቃዴ እከፍላለሁ። ሁለታችንም አልተጎዳንም።

አሁን ወደ ሆዴ ጉዳይ ልግባ። የእኛ ሆቴል ዩኒየን አለው። ከቼኬ በወር ሃምሳ ምናምን ዶላር ይቆረጣል። በእሱ የመጣው የጤና ኢንሹራንስ ነው። በቆይታ የሚሄድ የሺፍት ምርጫ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በቂ ምክንያት ሳይኖር ሰው አይባረርም የሚለው አንቀጽ ነው። ቅድም ያልኩትን አት ዊል የሚያስቆመው ይሄ አንቀጽ ነው። ኮንትራት በሌለበት ሆቴል ማኔጀሩ ዛሬ ፊትህ ካላማረው ነገ መታወቂያህን ትመልሳለህ።

አንድ ልጅ አለ። ትጉህ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ አልጠላውም። ሲቀጠር ስቱዋርዳችን፣ በሥራ ቦታችን የዩኒየኑ ተወካይ ማለት ነው፣ የአባልነት ፎርሙን ሰጡት። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ሃውስኪፒንግ ውስጥ ያረጁ የጎንደር ሴት ናቸው። አልሞላውም። እኔም ለመንኩት። «ጋሼ፣ ሕጉ አያስገድደኝም እኮ። ባልከፍልም ኮንትራቱ እኔንም ይመለከተኛል» አለኝ። የተናገረው ልክ ነው። ጭማሪው ሲመጣ ከእኛ እኩል ደረሰው።

ከዚያ ተባረረ። ምድብህን ያለ ፈቃድ ለቀሃል ተባለ። ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ነበር ወደ ሌላ ፎቅ የላከው፤ በኋላ ግን አልላክሁም አለ። ልጁ እትዬ ዘንድ እያለቀሰ መጣ። እሳቸው ሺፍታቸውን ጨርሰው፣ በቆመ እግራቸው ግሪቫንሱን፣ አቤቱታውን ማለት ነው፣ አስገቡለት። በዚያ ሰዓት አብረውት የነበሩትን አንድ በአንድ አናገሩ። ስብሰባ ላይ አብረውት ገቡ። ከዩኒየኑ ቢሮ የመጣው ሰው ጉዳዩን እስከ አርቢትሬሽን፣ እስከ ግልግል ዳኝነት እንወስደዋለን አለ። ልጁ ያልሠራበት ጊዜ ደሞዝ ተከፍሎት ወደ ሥራው ተመለሰ።

የፌዴራሉ ሕግ ዩኒየኑን የከፈለውንም ያልከፈለውንም እኩል ወክል ብሎ ያዘዋል። ያልከፈለ ነው ብሎ ቢተወው ዩኒየኑ ራሱ ይከሰሳል። እሺ ይሁን፤ ልጁ ዳቦው ነው፣ በመመለሱ ደስ ብሎኛል። ግን እትዬ ፎርሙን ድጋሚ ሲያቀርቡለት «ላስብበት» አላቸው። አለፈ። ሰንብቶ አዲስ ለተቀጠረች ልጅ ሲነግራት በጆሮዬ ሰማሁት። «ሳትከፍይም ይሟገቱልሻል፤ እኔ ምስክር ነኝ» አላት።

እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አለመክፈሉን እንኳን ችዬው ነበር። ያተረፉትን ሰዎች ለመሸሽ ራሱን ማስረጃ ማድረጉን ግን አልቻልኩም።

ይህ ልጅ እኮ አገር ቤት ለእናቱ እድር በየወሩ ይልካል። እድር ሳይከፍል ድንኳኑንና ወንበሩን አምጡልኝ የሚል ሰው ሰፈር ውስጥ ፊቱን የት ያሳያል? ቀባሪ ሳይሄድ ቢቀር እንኳ ይቀጣል። እዚያ ማንም የመንግሥት ሕግ አላስገደደንም፤ ግን አንድም ቤት አያጎድልም። እዚህ ስንመጣ ያን ማን ነጠቀን?

የሌላው ወገን ክርክርም ይሰማኛል። አንዳንዶች «ሁሉንም እኔ ብቻ ልወክል ብሎ የጠየቀው ዩኒየኑ ነው፤ ሸክሙንም ይቻል» ይላሉ። ትንሽ እውነት አለው። ደግሞም ኮንትራት ሊያልቅ ሲል ብቻ ብቅ የሚሉ የዩኒየን ሰዎች አሉ። በምርጫ ሰሞን ለዚህ ምረጡ የሚል ወረቀት መላክ ይበዛል። ልጁም ከመጀመሪያው አንዱ ቅሬታው ይኸው ነበር፤ እምነቴ የማይፈቅደውን ዕጩ ይደግፋሉ አለኝ። እንግዲህ አባል ሆኖ ስብሰባ ገብቶ አይሆንም ማለት ይችል ነበር። እኔ ብያለሁ፤ የተቆጣኝ የለም።

ለምን እንዲህ እንደሆንን አውቃለሁ። ማኅበር ሲባል የሚያንቀጠቅጠን ካየነው ተነስተን ነው። አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። የእሱ ትውልድ ኢሠአማን፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርን፣ ያውቅ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ1966 ዓ.ም. የአገሪቱን ሥራ ቀጥ ያደረገ አድማ የመታ ማኅበር ነው። ደርግ አፈረሰው። በ1969 ዓ.ም. በምትኩ መኢሠማን፣ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርን፣ አቆመ። ከዚያ ወዲህ ለአባቴ ማኅበር ማለት መፈክር፣ የግዴታ ስብሰባና ለእናት አገር ጥሪ የሚቆረጥ ደሞዝ ሆነ። በኋላም አልቀረም። በ2003 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲጀመር የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደሞዙን ለቦንድ ሰጠ። ግድቡን ሁላችንም እንወደዋለን። አስተማሪዋ እህቴን ግን ትስማሚያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ፔሮል ላይ ተቆርጦ ነው ያገኘችው።

እንዲህ ያደገ ሰው «ማንም ከቼክህ መቁረጥ አይችልም» የሚል ፖለቲከኛ ሲሰማ ደስ ቢለው አልፈርድበትም። ግን እዚያ የሚቆርጠው መንግሥትና አለቃ ነበር። እዚህ መዋጮውን የሚሰበስቡት እትዬ ናቸው። አለቃ ፊት ቆመው የሚሟገቱት እሳቸው ናቸው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት እትዬን መበደል ነው።

አገር ቤት ያሉት ይህን ዕድል ምነው ባገኙ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሥር ሠራተኛ ባለበት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል ይላል። አስተማሪዋ እህቴ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነች አዋጁ አይሸፍናትም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ለግል ሠራተኛው ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል ይወሰን እያለ ስንት ዓመት ጮኸ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሰፊዎች መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ልብ በሉ፣ በወር ነው። ከየገጠሩ የመጡት እነዚያ ሴቶች ስለ ቤት ኪራይና ስለ ኦቨርታይም ተቀምጦ የሚደራደርላቸው ቢያገኙ፣ አንዷ «ሕጉ አያስገድደኝም» የምትል ይመስላችኋል? እዚህ የተዘጋጀ አለ፤ ፎርም መሙላት ነው የቀረው።

የእኛ ሰው የማርቲን ሉተር ኪንግን ቀን ያከብራል፤ ፎቶአቸውን በየሬስቶራንቱ ሰቅሏል። እኚያ ሰው በ1961 ስለዚህ ሕግ ተናግረዋል። ሕጉ መብትም ሥራም እንደማይሰጥ፣ ዓላማው ዩኒየኖችንና የጋራ ድርድርን ማጥፋት እንደሆነ አስጠንቅቀዋል። በ1968 ሜምፊስ የተገደሉትም አድማ የመቱ የቆሻሻ ሰብሳቢ ሠራተኞችን ሊያግዙ ሄደው ነው።

ይህ የዴሞክራት ነገር ነው የምትሉኝም አላችሁ። ሚዙሪን ተመልከቱ። ትራምፕ በ2016 ያለ ችግር ያሸነፉበት ስቴት ነው። የስቴቱ ምክር ቤት በ2017 ራይት ቱ ወርክን አወጣ። ሠራተኞቹ ከ300,000 በላይ ፊርማ ሰብስበው ሕጉን ወደ ሕዝብ ድምፅ አመጡት። ነሐሴ 2018 ላይ ከመቶ 67 ያህሉ አይሆንም ብሎ ጣለው። ትራምፕን የመረጠ ስቴት ነው የጣለው። ሚቺጋን በ2012 አውጥታው ነበር፤ በ2023 ሻረችው። እዚሁ ቨርጂኒያም በ2016 ሕጉ ሕገ መንግሥት ውስጥ ይግባ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ አብዛኛው መራጭ እምቢ ብሏል።

በዴሞክራቶቹም አዝናለሁ። በ2020 ገዢውም ሁለቱም ምክር ቤቶችም የእነሱ ነበሩ። አልሻሩትም። ድምፃችንን ሲፈልጉ ሆቴላችን በር ላይ ከእኛ ጋር ፎቶ ይነሳሉ። ሕጉ ላይ ሲደርሱ ባለሀብቱ እንዳይቀየማቸው ዞር ይላሉ።

ስለዚህ ሕጉ እስኪቀየር የቀረልን በፈቃዳችን መክፈል ነው። ኮንትራታችን የሚያልቅበት ጊዜ ቀርቧል። ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጡት የሆቴሉ ጠበቆች አባላችን ስንት እንደሆነ ያውቃሉ። ባለፈው ኢንሹራንሱን ያተረፍነው ብዙ ስለነበርን ነው። አሁን አንሰናል። እትዬ በሚያማቸው ጉልበት ከሎከር ሎከር እየዞሩ ፎርም ያድላሉ። ልጁን ብሬክ ላይ አግኝቼው ከድርድሩ ምን እንዲመጣልህ ትፈልጋለህ አልኩት። «ኢንሹራንሱ እንዳይነካ ጋሼ፣ ባለቤቴ ልትወልድ ነው» አለኝ። ፎርሙን ሳወጣለት ግን ሰዓቱ ደርሷል ብሎ ተነሳ።

ሆቴል፣ ኤርፖርት፣ ፓርኪንግ፣ ሆስፒታል የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ነገ ስትገቡ ስቱዋርዳችሁ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ዩኒየን ባለበት ቦታ አለቃ ቢሮ ለጥያቄ ስትጠሩና ነገሩ ወደ ቅጣት የሚሄድ ሲመስላችሁ፣ ስቱዋርዴ ካልመጣ አልናገርም የማለት መብት አላችሁ፤ ከ1975 ጀምሮ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ዩኒየን ያለበት ቦታ ብትሆኑና አባል ካልሆናችሁ ፎርሙን ከስቱዋርዳችሁ ጠይቃችሁ ሙሉት።