ለሎጎ ሐይቅ አርማታ? ተዉን እባካችሁ

ሰሞኑን በአንድ የልማት ስብሰባ ላይ ደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ወረዳ ባለው ሎጎ ሐይቅ ዳር ትልቅ የአርማታ የጀልባ ማቆሚያ እንደሚገነባ ተነገረን። ሐይቃችን ወደብ ቢያገኝ የሚጠላ ተሁለደሬ ውስጥ የለም። ያበሸቀኝ ለእቅዱ የቀረበው ምክንያት ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ከሠራ እኛስ ምን ይጎድለናል ተባለ።

የሚጎድለንማ መውጫ ነው! ጣና ዓባይ አለው። ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ በር ተሠርቶለት ሲበዛ ይለቀቃል፣ ሲያንስ ይያዛል። ሎጎ ግን የገባበትን ውኃ የሚያፈስበት ወንዝ የለውም። ክረምቱ ከበረታ ይሞላል፤ ድርቅ ሲሆን ፀሐይዋ እየመጠጠች ታጎድለዋለች፤ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚወርደው የአንከርካ ወንዝ መንገድ ላይ ለመስኖ በተጠለፈ ቁጥርም ይቀንሳል። አብሽሩ፣ አርማታ ነው፣ አይነቃነቅም ሊሉን ነው። አለመነቃነቁ እኮ ነው ጥፋቱ! አንዱን ዓመት ከጀልባዋ በላይ ተሰቅሎ መሰላል ያስፈልገዋል፤ ሌላውን ዓመት እሱ ራሱ ውኃ ውስጥ ይገባል።

ማስረጃ የሚፈልግ ሰው እዚሁ ሎጎ ላይ ያለውን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይመልከት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ሲያስተምሩበት ዙሪያውን ውኃ የከበበው ደሴት ነበር። ዛሬ በእግር ይገባል (ለወንዶች ማለቴ ነው)። ደሴትን ከየብስ ያጋጠመ ሐይቅ የእኛን ማቆሚያ ደረቅ ላይ ጥሎት ቢሄድ ምን ይገርማል? ያን ጊዜ ፍየል እናስርበታለን።

ለእንዲህ ያለ ውኃ የሚሆነው ተንሳፋፊ ማቆሚያ ነው። አየር በያዙ በርሜሎች ላይ ጣውላ ይነጠፋል፣ በሰንሰለት ከመልሕቅ ጋር ይታሰራል፣ ከዳሩ ጋር ማጠፊያ ባለው መሸጋገሪያ ይያያዛል። ሐይቁ ሲሞላ አብሮ ይነሳል፣ ሲጎድል አብሮ ይወርዳል፤ ከጀልባዋ ጋር ያለው ከፍታ ግን ሁልጊዜ ያው ስለሆነ እናቶቻችን እንኳ ሳይንገዳገዱ ይሳፈራሉ። ውኃው ጨርሶ ከሸሸም ፈትቶ መጎተት ነው። ጣውላው ይበሰብሳል የሚል አይጠፋም። ይበስብስ! የሐይቅ ከተማ አናጢ በአንድ ከሰዓት ይቀይረዋል። ውኃ ውስጥ የተሰነጠቀ የአርማታ ምሰሶ ጠልቆ የሚጠግን ባለሙያ ግን ከየት ሊመጣልን ነው? ሐይቁ እንደሆነ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ምሰሶው ወደ ውስጥ በተጠጋ ቁጥር ርዝመቱም ዋጋውም ያሻቅባል።

ስለ ዓሣ አስጋሪዎችማ ማንም ትንፍሽ አላለም። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ (ቲላፒያ) ወደ ሎጎ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዓሣ የሚተዳደር ቤተሰብ አለ። ዓሣው የሚራገፍበትና የሚመዘንበት ጥላ በእቅዱ ውስጥ የቱ ጋ ነው? ወይስ ማቆሚያው የሚሠራው ቅዳሜና እሑድ ከደሴ ወርደው ፎቶ ለሚነሱት ብቻ ነው?

ንድፉን የያዘው መሐንዲስ አስጋሪዎቹን ያነጋግር፤ ውኃው በመስከረም የት እንደሚደርስ፣ በሰኔ የት እንደሚሸሽ በጣታቸው ያሳዩታል። ከዚያ በፊት አንድ ኩንታል ሲሚንቶ እንዳይራገፍ!